የሽማግሌው ወታደር መሐላ

የሰውን ትውልድ መመርመር ቀላል የሚመስል፥ ዳሩ ግን እጅግ አድካሚ የሆነ ሥራ ነው። የነገሥታትና የመኳንንት ትውልድ በታሪክ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ የካህናትም ስም በየደብሩ መዝገብና በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይቀራል። መሣሪያ ተሸክሞ የዘመተው፥ የተራበው፥ ቈስሎም የተመለሰው ተራ ወታደር ግን ማን እንደ ወለደው፥ እነማንንም ወልዶ እንደ ሞተ የሚነግረን ጽሑፍ ጥቂት ነው። እኔም ይህን ነገር አጥብቄ ያሰብሁት ከእኛ እጅግ ርቆ በተቀበረ በአንድ የአሜሪካ ወታደር ምክንያት ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። በልጅነቱ ከእኔ ዘንድ ዳዊት የደገመ የእኅቴ ልጅ ዛሬ በአሜሪካ አገር በቦስቶን ከተማ ይኖራል። ባለፈው ዓመት በሥራው ምክንያት ወደ ሰሜን ወደ ሜይን ግዛት ሄዶ ሳለ፥ የፔኖብስኮት ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አቅራቢያ፥ ስቶክተን ስፕሪንግስ ከምትባል ትንሽ ከተማ ዳር፥ ሳንዲ ፖይንት በሚባለው መካነ መቃብር አንድ ድንጋይ አይቶ ፎቶግራፉን ላከልኝ። በድንጋዩ ላይ ጆሴፍ ፕላም ማርቲን የሚል ስም አለ፤ የአብዮት ወታደር እንደ ነበረም ይናገራል። አብዮት የሚሉት አሜሪካ ከእንግሊዝ መንግሥት የተለየበትን የነጻነት ጦርነት ነው። ልጁም በደብዳቤው «የኔታ፥ እርስዎ ትውልድ መቍጠር ይወዳሉና የዚህን ሰው ነገር ይመርምሩት» ብሎ ጻፈልኝ።

የእንግሊዝኛ ትምህርቴ ጥቂት ስለ ሆነ በመጀመሪያ ልተወው አስቤ ነበር። ዳሩ ግን ሰውየው ራሱ የጻፈውን መጽሐፍ ከፎቶግራፉ ጋራ ልኮልኝ ነበርና፥ መዝገበ ቃላት ከአጠገቤ አድርጌ ሌሊት ሌሊት ጥቂት በጥቂት አነበብሁት። ካነበብሁም በኋላ ስለ ኑሮውና ስለ ቤተ ሰቡ የሚያስረዱትን ሌሎች ጽሑፎች እየፈለገ እንዲልክልኝ ለመንሁት። ያገኘሁትን እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ጆሴፍ ማርቲን በ1760 ዓ. ም. በኖቬምበር ወር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት ቤኬት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኤቤኔዘር ማርቲን የወንጌል ሰባኪ ነበረ፤ እናቱም ሱዛና ፕላም ትባላለች። ከዚህም ፕላም የተባለው የመካከል ስሙ የእናቱ ቤተ ሰብ ስም መሆኑን እንረዳለን። በእኛ አገር ልጅ በአባቱ ስም ሲጠራ፥ ይህ ሰው የእናቱን ወገን ጭምር በስሙ ተሸክሞ ኖሮአል፤ ትውልድን ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላ በኮኔቲከት ግዛት ሚልፎርድ በምትባል ከተማ ወደሚኖሩት ወደ እናቱ አባትና እናት ሄዶ በእነርሱ እጅ አደገ።

ጦርነቱ በ1775 ዓ. ም. በተነሣ ጊዜ ልጁ ገና ለመዝመት ያልደረሰ ነበረ። አያቶቹ ለጊዜው ቢከለክሉትም ልቡ እንደማይመለስ አይተው በኋላ ፈቀዱለት። በ1776 ዓ. ም. በክረምት፥ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖት ሳለ፥ ለስድስት ወር በኮኔቲከት ጦር ተመዘገበ። በዚያችም አጭር ጊዜ በኒውዮርክ አካባቢ በብሩክሊን፥ በኪፕስ ቤይና በኋይት ፕሌንስ የሆነውን ውጊያ አየ። ስድስት ወሩን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በ1777 ዓ. ም. ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ለማገልገል ዳግመኛ ገባ።

ስለ ጦርነት የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን የጄኔራሎችን ምክርና ድል ነው። ማርቲን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጽፈው ስለ ረኀብ፥ ስለ ብርድና ስለ ጫማ ነው። በ1777 ዓ. ም. በመከር ጊዜ፥ በዴላዌር ወንዝ መካከል ባለች ጭቃማ ደሴት ላይ በተሠራው ምሽግ በፎርት ሚፍሊን፥ የእንግሊዝ መድፍ ሌሊትና ቀን ሲወርድባቸው ከጓደኞቹ ጋራ ሰነበተ። ምሽጉ ከፈረሰ በኋላ የተረፉት በኖቬምበር 15 ቀን ሌሊት ለቅቀው ወጡ። ከዚያም ኮንግሬስ የሚባለው የእንደራሴዎች ጉባኤ የምስጋና ቀን እንዲከበር አዘዘ፤ ጦሩም የበዓሉን ምሳ ሲጠባበቅ ለእያንዳንዱ ወታደር አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ሩዝና አንድ ማንኪያ ኾምጣጤ ታደለው። ይህን በነገረበት ስፍራ ጸሐፊው አይቈጣም፥ ይሥቃል እንጂ፤ ሣቁ ግን ለአንባቢው ከቍጣ ይልቅ ይከብደዋል።

በ1779 እና በ1780 ዓ. ም. መካከል በሞሪስታውን ያሳለፉት በረዶ ከሁሉ የከፋ ነበረ። ምግብ ሳይቀምሱ ቀኖች አለፉባቸው፤ አሮጌ ጫማቸውን ጠብሰው የበሉ ሰዎችን በዓይኑ እንዳየ ይመሰክራል። በ1780 ዓ. ም. በሜይ ወር የኮኔቲከት ወታደሮች ረኀቡ ቢጸናባቸው መሣሪያቸውን ይዘው በአለቆቻቸው ላይ አጕረመረሙ፤ ማርቲንም ከእነርሱ አንዱ ነበረ፥ ይህንንም አልሸሸገም። አገራቸውን ይወዱ ነበር፤ ሆኖም አገራቸው እስክትመግባቸው ድረስ በራብ መሞት አልቻሉም።

በዚያው ዓመት ጕድባ ወደሚቈፍርና ምሽግ ወደሚሰብር የመሐንዲስ ጭፍራ ተዛውሮ የሳጅንነት ማዕረግ አገኘ። በ1781 ዓ. ም. በኦክቶበር ወር በዮርክታውን ከበባ ላይ፥ ጄኔራል ጆርጅ ዋሺንግቶን የመጀመሪያውን ጕድባ በእጃቸው ጀምረውታል እንዲባል ጥቂት ጊዜ ዶማ ሲያነሡ አየ። በኦክቶበር 14 ቀን ሌሊትም የእርሱ ጭፍራ በጠላት ምሽግ ፊት የተተከለውን የእንጨት አጥር በመጥረቢያ እየቈረጠ ለተዋጊው መንገድ ከፈተ። ከአምስት ቀን በኋላ የእንግሊዝ ጦር እጁን ሰጠ። በዚያ ከበባ የአሜሪካ መድፈኞች አለቃ ጄኔራል ሄንሪ ኖክስ ነበሩ፤ ስማቸው በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ይህን እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

በ1783 ዓ. ም. በጁን ወር ማርቲን ከጦር ተሰናበተ። የሰባት ዓመት ደመወዙ ግን ገንዘብ አልነበረም፥ ወደ ፊት ይከፈላል የሚል ወረቀት ነው እንጂ። ከወረቀቱ የሚበዛውን ለሰው ፊት የሚያበቃ ልብስ ለመግዛት ሲል ለነጋዴ ሸጠው። ደግሞም ጦርነቱ እስኪያልቅ ለሚያገለግል ወታደር አንድ መቶ ኤከር፥ ማለት በእኛ ልክ አንድ ጋሻ ያህል መሬት፥ ይሰጣል ተብሎ ነበረ። መሬቱም በኦሃዮ አገር ተከልሎ ሳለ፥ ወታደሮቹ እንዲያገኙት የተጨነቀላቸው እንዳልነበረና ነጋዴዎች እንደ ተጠቀሙበት በምሬት ይናገራል።

ከዚህም በኋላ አንድ ክረምት በኒውዮርክ ግዛት ሕፃናትን ሲያስተምር ቈይቶ በ1784 ዓ. ም. ወደ ሜይን ሄደ። ባለቤት የለውም የተባለ ደን መንጥሮ ቤት ሠራ። በ1794 ዓ. ም. ሉሲ ክሉሊ የምትባል ሴት አግብቶ አምስት ልጆች ወለደ፤ እነርሱም ጆሴፍ፥ መንትዮቹ ናታንና ቶማስ፥ ጄምስ ሳሊቫንና ሴት ልጁ ሐና ሱዛን ናቸው። ሐና ሱዛን በሚለው ስም ውስጥ የሴት አያትዋ የሱዛና ስም በጥቂቱ ተለውጦ ይሰማል፤ ጆሴፍም የአባቱን ስም ወርሶአል።

ያ መሬት ግን ባለቤት ነበረው። ጄኔራል ኖክስ በሚስታቸው ውርስ በኩል በዚያ አውራጃ እጅግ ሰፊ ርስት ይገባኛል ይሉ ነበርና፥ በ1797 ዓ. ም. ነገሩ ለእርሳቸው ተወሰነ። ማርቲን ራሱ ደኑን መንጥሮ ስላቀናው መቶ ኤከር አንድ መቶ ሰባ ዶላር እንዲከፍል ተጠየቀ። በ1801 ዓ. ም. መሬቱን እንዳይነጥቁት ጄኔራሉን በደብዳቤ ለመነ። በዮርክታውን አንዱ መድፍ ያስተኵስ፥ አንዱ አጥር ይቈርጥ ነበር፤ የወጉትም አንዱን ጠላት ነው። ኖክስ ራሳቸው በ1806 ዓ. ም. ብዙ ዕዳ ትተው ሞቱ። ማርቲንም ከርስቱ ላይ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰበት ሄደ፤ በ1820 ዓ. ም. በስሙ የሚጠራ አንድ እርምጃ መሬት አልነበረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። እነዚህን ሁሉ የምናውቀው በምን ምክንያት ነው? የጦር ሚኒስቴሩ መዝገብ በ1800 ዓ. ም. በኖቬምበር ወር በእሳት ተቃጥሎአል፤ በ1814 ዓ. ም. ደግሞ እንግሊዞች የዋሺንግቶንን ከተማ ባቃጠሉ ጊዜ ሌላው ጽሑፍ ጠፍቶአል። የሕዝብ ቈጠራውም ከ1790 እስከ 1840 ዓ. ም. ድረስ የሚጽፈው የአባወራውን ስም ብቻ ነበረ፤ ሚስትና ልጆች ያለ ስም በቍጥር ብቻ ይገቡ ነበር። እንግዲህ የተራ ወታደር ቤተ ሰብ በብዛት የሚገኘው በሌላ ስፍራ፥ በጡረታ ማመልከቻ ውስጥ ነው።

በ1818 ዓ. ም. የወጣው ሕግ በዋናው ጦር ዘጠኝ ወር ያገለገለ፥ ኑሮውም የተቸገረ ወታደር በወር ስምንት ዶላር፥ በዓመት ዘጠና ስድስት ዶላር እንዲያገኝ ፈቀደ። የሚጠይቀው ሰው ግን እጅግ ስለ በዛ፥ በ1820 ዓ. ም. ሌላ ሕግ ወጣ፤ እያንዳንዱ ሽማግሌ በዳኛ ፊት ቆሞ ያለውን ሀብት ሁሉ ዘርዝሮ እንዲምል አዘዘ። ማርቲንም በስድሳኛ ዓመቱ ገደማ ቀርቦ ማለ። ከመኝታውና ከልብሱ በቀር ያለው ሁለት ላሞች፥ ስድስት በጎችና አንድ አሳማ መሆኑን ተናገረ። የቀን ሠራተኛ መሆኑን፥ ከእርጅናና ከድካም የተነሣ መሥራት አለመቻሉን፥ ሚስቱ በቍርጥማት የምትታመም መሆንዋን፥ አምስት ልጆች እንዳሉትና ያለ ጡረታው ሊያሳድራቸው እንደማይችል መሰከረ።

ይህን ዝርዝር ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬ ረዥም ጊዜ ዝም አልሁ። በቅኔ ቤት ወርቁ ከሰሙ በታች እንዳለ ተምረናል፤ እዚህ ግን ሰሙ የድኽነት መሐላ፥ ወርቁም የአንድ ቤተ ሰብ ሕይወት ሆኖ አገኘሁት። መንግሥቱ ይህን ወረቀት ያስጻፈው ሰውየውን ለማክበር አልነበረም፥ ድኽነቱን ለመመርመር ነው እንጂ። ነገር ግን የሚስቱን ሕመም፥ የልጆቹን ቍጥር፥ የበጎቹን ብዛት ሳይቀር ለእኛ ያቈየልን ይኸው የውርደት ወረቀት ነው። በኋላም በ1836 ዓ. ም. ለመበለቶች ጡረታ በተፈቀደ ጊዜ፥ ብዙ አሮጊቶች ጋብቻቸውን ለማስረዳት የልጆቻቸው ልደት የተጻፈበትን ቅጠል ከቤታቸው መጽሐፍ ቅዱስ እየቀደዱ ላኩ፤ ቅጠሎቹም እስከ ዛሬ በዋሺንግቶን ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ። የዚያ ጦርነት ወታደሮች የጡረታ ፋይል በዚያ ቤት ሰማንያ ሺህ ያህል ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር መናገር ግድ ሆነብኝ። አያቴ በጠላት ወረራ ዘመን አምስቱን ዓመት በዱር የኖረ አርበኛ ነበረ። ካረጀና ዓይኑ ከደከመ በኋላ፥ እኔ ከቅኔ ቤት ለዕረፍት የመጣሁ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ ለአንድ መሥሪያ ቤት የርዳታ ማመልከቻ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ከደጃፉ ተቀምጦ «ያለኝን ጻፍ ልጄ፤ አንድ በሬና ሦስት ፍየል። የአያትህንም ስም ጻፍ፤ የወለድናቸውን፥ የሞቱብንንም አንድ በአንድ ጻፍልኝ» አለኝና የልጆቹን ስም በተራ ይነግረኝ ጀመረ።

እኔ ግን በአዲሱ ትምህርቴ የታበይሁ ነበርሁ። አርበኛ ሰው ፍየሉን ቈጥሮ «ድኻ ነኝ» ማለቱ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ የነገረኝን ትቼ፥ ጀግንነቱን በአንበሳና በነበልባል እየመሰልሁ፥ ግሱን እያራቀቅሁ ሁለት ገጽ ሙሉ ውዳሴ ጻፍሁ። ባነበብሁለትም ጊዜ አያቴ ዝም ብሎ ሰማኝና «ስማቸውን ጻፍኸው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «አባባ፥ ይህ ይበቃል» አልሁት። ከብዙ ወራት በኋላ ማመልከቻው ዝርዝሩ አልተሟላም ተብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ አያቴ አልጋ ይዞ ነበር፤ ሁለተኛው ሳይጻፍ ሞተ። ሴት አያቴ ከእርሱ በፊት ዐርፋ ነበር። በሕፃንነታቸው ከሞቱባቸው ከአራቱ ልጆች እኔ የማስታውሰው የሁለቱን ስም ብቻ ነው፤ የቀሩትን የሁለቱን የሚያውቅ ሰው ዛሬ በምድር ላይ የለም። ብዕሩ በእጄ ነበረ፤ የሚነግረኝም ሰው በፊቴ ተቀምጦ ነበረ።

ስለዚህ የዚያ የሩቅ አገር ሰው ነገር እንደ እንግዳ ታሪክ ሆኖ አልታየኝም። ማርቲን ራሱ ጸሐፊ ነበረ፤ ፕሮስፔክት ትባል በነበረችው በዚያች ከተማ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የከተማው መዝገብ ጸሐፊ ሆኖ አገልግሎአል። በዚያ አገር የጐረቤቱን ልደት፥ ጋብቻና ሞት የሚመዘግበው ይህ ሹም ነው። የራሱን መጽሐፍ ግን በ1830 ዓ. ም. በሃሎዌል ከተማ ሲያሳትም ስሙን አላወጣበትም። መጽሐፉም በዘመኑ ብዙ ገዢ አላገኘም፤ በ1962 ዓ. ም. እንደ ገና ታትሞ በስሙ ከወጣ በኋላ ግን፥ የዚያን ጦርነት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ምስክር ሆኖአል። በ1836 ዓ. ም. አንድ የወታደር ጓድ በከተማይቱ ሲያልፍ የሽማግሌውን ቤት አውቆ በደጁ ላይ ቆመና ለክብሩ ተኵስ ተኰሰለት። በሕይወቱ ሳለ ከጦር ሰዎች ያገኘው ክብር ይህ ነው።

ማርቲን በ1850 ዓ. ም. በሜይ 2 ቀን በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ዐረፈ። የአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ በየቤቱ ያለውን ነጻ ሰው ሁሉ፥ ሚስትንና ልጆችን ጭምር፥ በስሙ መጻፍ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ቈጠራውም የቆመበት ቀን ጁን 1 ነበር። አንድ ወር ብቻ ቀደመው። ስለዚህ ቤተ ሰቡን በአንድነት የምናይበት ቀዳሚ ጽሑፍ ያ በዳኛ ፊት የማለው የላምና የበግ ዝርዝር ሆኖ ቀረ።

የእኅቴ ልጅ በቅርቡ ደግሞ «የኔታ፥ የሰውየውን ነገር ምን አገኙት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ከመጻፌ በፊት አንድ ወረቀት አነሣሁና የአያቴን ስም፥ የሴት አያቴን ስም፥ አንድ በሬ፥ ሦስት ፍየል፥ የልጆቻቸውንም ስም በተራ ጻፍሁ። የሁለቱን ስፍራ ባዶ ተውሁት። ወረቀቱንም በአያቴ ዳዊት ውስጥ አኖርሁት፤ ግልባጩን ከደብዳቤው ጋራ ላክሁለት።

እናንተም አንባቢዎች ሆይ፥ በቤታችሁ የሚያረጅ ሰው ቢኖር፥ ይልቁንም ዘምቶ የተመለሰ ቢሆን፥ ሳይመሽባችሁ ጠይቁት። ሲነግራችሁም ቃሉን አታሳምሩበት፤ ፍየሉን ፍየል፥ ድኽነቱን ድኽነት ብላችሁ ጻፉ። የማቴዎስ ወንጌል እንኳ የሚጀምረው በውዳሴ ሳይሆን፥ እገሌ እገሌን ወለደ በሚል በስም ዝርዝር ነው።